ስለ ኪዳንና ስለ ኪዳን መልስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቤተ ክርስቲያናችን በእመቤታችን በኪዳነ ምሕረት ስም ከተተከለች እነሆ 50 ዓመት ሞላት። ለበዓሉ መታሰቢያ በሚታተመው መጽሐፍ አንድ ነገር እንድጽፍ የሰበካው አባቶች ባዘዙኝ ጊዜ፣ ስለ ሕንፃው አሠራርና ስላገለገሉት ካህናት ታሪክ ሌሎች ይጽፋሉና እኔ ስለ ስሟ ልጻፍ ብዬ አሰብሁ። ኪዳን የሚለውን ቃል ዘወትር እንሰማዋለን፤ ልጆቻችንንም ወልደ ኪዳን፣ ኪዳነ ማርያም እያልን እንጠራበታለን። ነገር ግን የለመዱት ቃል እንደ ለመዱት መንገድ ነውና ሰው ሳያስተውለው ያልፈዋል።

ኪዳን በግእዝ ተካየደ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው እንደሚያውቀው ይህ ግስ እንደ ተፋቀረና እንደ ተማከረ በተደራራጊ ዐምድ የሚነገር ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሊፋቀር፣ ብቻውንም ሊማከር እንዳይችል፣ ብቻውን ሊካየድም አይችልም። ስለዚህ ኪዳን ሁለት ወገን አለው፤ አንዱ የሚሰጥ ነው፤ ሁለተኛውም የሚመልስ ነው። እግዚአብሔር አስቀድሞ ይሰጣል፤ የእርሱም ስጦታ በእኛ ዋጋ የሚገዛ አይደለም። ሰው ግን የተሰጠውን ተቀብሎ መልስ ካልመለሰ፣ የተዘረጋለትን እጅ አይቶ እጁን በኪሱ እንዳስቀመጠ ሰው ይሆናል። አባቶቻችን ይህን መልስ አምልኮ ብለው ጠሩት። እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ ሰዎች ለኪዳን እንዴት እንደ መለሱ፣ መልሱም በምን እንደ ጸና፣ በምንስ እንደ ፈረሰ በአጭሩ እንመልከት።

አባታችን ኖኅ ከመርከብ በወጣ ጊዜ አስቀድሞ ቤት አልሠራም፤ እርሻም አላረሰም፤ መሠዊያ ሠርቶ መሥዋዕት አቀረበ እንጂ። ከዚህ በኋላ እግዚአብሔር ምድርን ዳግመኛ በውኃ እንዳያጠፋ ቃል ኪዳን ሰጠው፤ ቀስተ ደመናንም ምልክት አደረገለት። ይህን በኦሪት ዘፍጥረት ሁላችን እናነበዋለን። መጽሐፈ ኩፋሌ ግን አንድ ነገር ይጨምራል። ኖኅና ልጆቹ ያን ኪዳን በየዓመቱ እንዲያድሱ በሦስተኛው ወር የሱባዔ በዓል ተሠራላቸው። ኖኅ በሕይወቱ ዘመን ሁሉ በዓሉን ጠበቀ። እርሱ በሞተ ጊዜ ግን ልጆቹ በዓሉን አፈረሱ፤ ደምም በሉ። አብርሃም እስኪነሣ ድረስም የሚያስበው አልተገኘም። አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ጠበቁት፤ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ በግብፅ ሳሉ ረሱት፤ በሲና ተራራም እንደ ገና ታደሰ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በል። በእግዚአብሔር ዘንድ ኪዳኑ አንድ ቀን አልተረሳም፤ ቀስቱም በየክረምቱ በደመና ላይ ይታይ ነበር። የተረሳው በሰው ዘንድ ነው። የተረሳበትም ምክንያት አባት ሞቶ ልጅ በዓሉን ስላልተረከበ ነው። ይህ መጽሐፈ ኩፋሌ ዘመንን በኢዮቤልዩ በኢዮቤልዩ፣ ማለት በ49 በ49 ዓመት የሚቆጥር መጽሐፍ ነው። ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ ካሉ ዋሻዎች ከወጡት ብራናዎች መካከል በዕብራይስጥ የተጻፉ ቁርጥራጮቹ ተገኝተዋል፤ ሙሉው መጽሐፍ ግን ተጠብቆ የተገኘው በእኛ በግእዝ ብቻ ነው። ስለ መርሳት አጥብቆ የሚያስጠነቅቀውን መጽሐፍ ሳይረሱ ገልብጠው ያቆዩልን ስማቸው የማይታወቅ ጸሐፊዎች፣ በብርዕና በቀለም ለኪዳን መልስ ሰጥተዋል ማለት ነው።

ስለ አብርሃምም እንዲህ እናነባለን። በታዘዘው መሠረት እንስሶቹን ለሁለት ከፍሎ ፊት ለፊት አኖራቸው። ፀሐይም በገባ ጊዜ የሚጤስ ምድጃና የእሳት መብራት በተከፈሉት መካከል አለፈ። በጥንት ዘመን ቃል ኪዳን የሚገቡ ሰዎች በተከፈለው እንስሳ መካከል ያልፉ ነበር። የተካየደ መሠረቱ ኬደ ነው፤ ይህም ረገጠ፣ ተራመደ ማለት ነው። በዚያች ሌሊት ግን ያለፈው የእግዚአብሔር እሳት ብቻ ነው፤ አብርሃምን ከባድ እንቅልፍ ይዞት ነበርና። ስለዚህ ኪዳኑ በጸጋ የተሰጠ መሆኑ ታወቀ። የአብርሃምም ድርሻ ከዚያ በኋላ በዘመኑ ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት መሄድ ሆነ፤ በደረሰበት ሁሉ መሠዊያ መሥራት፣ እንግዳንም በድንኳኑ ደጃፍ መቀበል ሆነ። መሠዊያውንና ድንኳኑን ለይተን አንይ፤ ሁለቱም የአንድ መልስ ክፍሎች ናቸው።

በሲና ተራራ ሙሴ የመሥዋዕቱን ደም እኩሌታ በመሠዊያው ላይ፣ እኩሌታውንም በሕዝቡ ላይ ረጨው። ሕዝቡም የታዘዝነውን ሁሉ እናደርጋለን ብለው በአንድ ድምፅ መለሱ። አርባ ቀን ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ግን እነዚያው ሰዎች በወርቅ ጥጃ ፊት ይዘፍኑ ነበር። ኢያሱ ከተራራው ሲወርድ ድምፁን ሰምቶ የጦርነት ድምፅ መስሎት ነበር፤ ሙሴ ግን የዘፈን ድምፅ መሆኑን ነገረው። እኛ በማኅሌት ያደግን ሰዎች ይህን ታሪክ በፍርሃት ልናነበው ይገባናል። ዝማሬ ሁሉ ለኪዳን መልስ አይደለምና። ጽላቱ የተሰበረው ሕዝቡ ዝም ባለበት ቀን ሳይሆን እጅግ በዘፈነበት ቀን ነው። ሆኖም እግዚአብሔር ሁለተኛ ጽላት እንዲቀረጽ አዘዘ፤ በመንበራችን ላይ ያለው ጽላትም ዘወትር ይህን ምሕረት ያሳስበናል።

የቀናው ዝማሬ ምን እንደሚመስል ከንጉሡ ከዳዊት እንማራለን። ታቦተ ሕጉን ወደ ጽዮን ባመጣ ጊዜ በሙሉ ኃይሉ በፊቷ አሸበሸበ። ካህናቶቻችን በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ ሲያሸበሽቡ ይህንኑ ሥርዓት ይከተላሉ፤ ሁላችንም ስለ እርሱ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ከሽብሸባው በኋላ ያደረገውን ግን ብዙ ሰው አያስታውሰውም። ዳዊት ሕዝቡን ከባረከ በኋላ ለወንዱም ለሴቱም ለእያንዳንዱ እንጀራ፣ ሥጋና የዘቢብ ጥፍጥፍ አካፈለ፤ ሕዝቡም ይህን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። እንግዲህ በዓሉ በዝማሬ ተጀምሮ በማካፈል ተፈጸመ።

መልሱ የፈረሰበትንም ታሪክ አንተው። በንጉሡ በሴዴቅያስ ዘመን የባቢሎን ጦር ኢየሩሳሌምን በከበባት ጊዜ፣ መኳንንቱና ባለጠጎቹ ዕብራውያን ባሪያዎቻቸውን አርነት ለማውጣት በቤተ መቅደስ ቃል ኪዳን ገቡ፤ በሁለት በተከፈለውም እንቦሳ መካከል አለፉ። በገቡትም ቃል መሠረት ባሪያዎቹን ለቀቋቸው። ነገር ግን የጠላት ጦር ለጥቂት ጊዜ ፈቀቅ ባለ ጊዜ ሐሳባቸውን ለውጠው የለቀቋቸውን ሰዎች መልሰው ባሪያ አደረጓቸው። ነቢዩ ኤርምያስም ስለዚህ ነገር ጽኑ ፍርድ ተናገረባቸው፤ ከተማይቱም ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ586 ዓመት ገደማ ፈረሰች። በዚያን ጊዜ ቤተ መቅደሱ ቆሞ ነበር፤ መሥዋዕቱና መዝሙሩም አልተቋረጠም ነበር። የጎደለው ለድኻው የተገባው ቃል ብቻ ነበር፤ ያ አንዱ ጉድለት ግን ሁሉን አፈረሰ። ኪዳኑ በድንጋይ ሳይሆን በልብ የሚጻፍበት ዘመን እንደሚመጣ የተናገረው ያው ኤርምያስ ነው።

ያም ዘመን መጣ። ጌታችን በሐሙስ ማታ ጽዋውን አንሥቶ ደሙን የሐዲስ ኪዳን ደም ብሎ ሰጠ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ የክርስቲያን አምልኮ ሁሉ ለዚያ ጽዋ የሚሰጥ መልስ ነው። ጌታ በዚያችው ማታ የደቀ መዛሙርቱን እግር እንዳጠበም አንርሳ። ጽዋውና የውኃው ኵስኵስት በአንድ ቤት፣ በአንድ ሌሊት ነበሩ።

አሁን ወደ አገራችን ታሪክ እንምጣ። ቤተ ክርስቲያናችን ኪዳንን ከዘመን አቈጣጠሯ ጋር አስተሳስራ ይዛዋለች። ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት እግዚአብሔር ለአዳም ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ አድንሃለሁ የሚል ተስፋ ሰጥቶታል፤ አንዱም ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቈጥሮ 5500 ዓመት ይሆናል። ያለፈውን ዓመተ ፍዳ፣ ከልደት ወዲህ ያለውንም ዓመተ ምሕረት ብለን የምንጠራው ስለዚህ ነው። መስከረም 1 ቀን ባሕረ ሐሳብ ሲታወጅ ስሌቱ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ለምሳሌ የ2000 ዓ.ም. ወንጌላዊ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ 5500 ሲጨመርበት 7500 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 1875 ይደርሳል፤ የሚተርፍም ስለሌለ ዘመነ ዮሐንስ ነበረ። ገበሬውም ነጋዴውም ደብዳቤ ጽፎ ዓ.ም. ባለ ቍጥር፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም የምሕረትን ኪዳን ይጠራል።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ነገርም አለ። ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ በምድር በቆየባቸው 40 ቀናት ለሐዋርያት ያስተማረው መጽሐፍ መጽሐፈ ኪዳን ይባላል። ከእርሱ የወጣው የነግህና የሠርክ ጸሎትም ስሙ ኪዳን ነው። ካህኑ ኪዳን አደረሰ፣ ምእመኑም ኪዳን አስደረሰ እንላለን። እግዚአብሔር የሰጠው ቃል ኪዳን ተባለ፤ ሰው የሚመልሰውም ጸሎት ኪዳን ተባለ። ሰጪው የሰጠውና ተቀባዩ የመለሰው በአንድ ስም መጠራቱ በከንቱ አይደለም።

ነገር ግን አባቶቻችን ለኪዳን የሚገባው መልስ የትኛው ነው በማለት ብዙ የተከራከሩበት ዘመን ነበረ። ሰንበት በኦሪት የኪዳን ምልክት ናትና፣ የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር ትከበር ብለው ጸኑ። ስለዚህም ከቤተ መንግሥትና ከጳጳሱ ዘንድ ተቃውሞ ደረሰባቸው፤ ሥልጣነ ክህነት ተከልክለው ብዙ ዘመን በመከራ ኖሩ፤ መምህራቸውም በስደት በአርመን አገር ዐረፉ። ዐፄ ዳዊት በ1396 ዓ.ም. እንደ ሥርዓታቸው እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። በኋላም በልጃቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1442 ዓ.ም. በተጉለት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተደርጎ፣ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ፤ ተለያይተው የነበሩትም ወንድሞች ታረቁ። በዚያ ጉባኤ ከግብፅ የመጡት ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤልም ነበሩበት። ዛሬ ቅዳሜን ሳንጾም የምናከብረው፣ ሌሎች መከራ ተቀብለው ባቆዩልን ሥርዓት ነው።

ተአምረ ማርያም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በዚያው በዐፄ ዳዊት ዘመነ መንግሥት ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት) ተአምሯ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ፣ 33ቱ በዓላቷም እንዲከበሩ ሥርዓት አጸኑ። የካቲት 16 ቀን የምናከብረው የኪዳነ ምሕረት በዓል ከእነዚህ ታላላቅ በዓላት አንዱ ነው። በዚያች ቀን እመቤታችን በጎልጎታ በልጇ መቃብር ቆማ ስትጸልይ፣ ስሟን ጠርቶ ለድኻ ለሚራራ ሁሉ የምሕረት ቃል ኪዳን እንደ ተሰጣት እንማራለን። ንጉሡ በአምልኮ ብዙ የደከሙ ናቸው፤ ሥርዓታቸውን ባልተቀበሉት በደቂቀ እስጢፋኖስ ላይ ግን ቅጣታቸው የከበደ እንደ ነበር ታሪክ አይሰውርም። ከዚህም የምንማረው አለ። አዋጅ በዓልን ሊያስከብር ይችላል፤ ርኅራኄን ግን በሰው ልብ ሊተክል አይችልም። ይህ ለእያንዳንዱ ሰው የተተወ ሥራ ነው።

በዚህ በዓል የበላዔ ሰብእ ታሪክ ይነገራል። የቅምር ሰው የነበረው ይህ ሰው 78 ነፍስ በልቶ ሳለ፣ ለተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ ያችም ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ ሚዛን ደፋች። ይህን የሰማ አንዳንድ ሰው ኪዳኗ አለልኝ ብሎ በኃጢአቱ ተዘልሎ ይቀመጣል። ታሪኩን ያልተረዳ ነው። በላዔ ሰብእ ኪዳኑን ትራስ አድርጎ አልተኛበትም፤ በኪዳኑ ስም የተለመነውን ውኃ ሰጠ እንጂ። መልሱ ጥቂት ነበረ፤ ነገር ግን መልስ ነበረ። አንተ ወንድሜ፣ ከእርሱ ያነሰ በደል ቢኖርብህ እንኳ፣ ጥርኝ ውኃህ የታለ?

ይህን ነገር እኔ በመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም። በልጅነቴ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ ይዤ ቅኔ ለመማር በሰው አገር በዞርሁ ጊዜ፣ የምኖረው በየደጁ ቆሜ በእንተ ስማ ለማርያም እያልሁ በማገኘው ኩርማን እንጀራ ነበረ። አንድ ዘመን ዝናብ ጠፍቶ አገሩ ሁሉ ተቸገረ። አንድ ቀን ከብዙ ደጅ ባዶ እጄን ከተመለስሁ በኋላ ወደ አንዲት መበለት ጎጆ ደረስሁ። እርሷም ሁለት ልጆች ነበሯት፤ በመሶቧም የነበረው አንድ እንጀራ ብቻ መሆኑን በዓይኔ አየሁ። እኔም አፍሬ ልሄድ ስል፣ «ቁም ልጄ፤ ስሟን ጠርተህብኝ ባዶህን አትሄድም» ብላ እንጀራውን አራት ቦታ ቈረሰችው፤ አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ሦስቱን ለራሷና ለልጆቿ አስቀረች።

በዚያ ቀን መምህሬ ያመሰገኑልኝን አንድ ቅኔ ተቀኝቼ ስለ ነበር ልቤ ታብዮ ነበር። ማታ የሆነውን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «አየህ ልጄ፤ ያንተ ቅኔ ሰሙ ነው፤ ወርቁን በአኩፋዳህ ይዘኸው መጣህ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቅኔ ሰምቻለሁ፤ ለብዙዎችም አስተምሬአለሁ። ነገር ግን እንደዚያች መበለት ያለ ቅኔ አልሰማሁም። ስሟንም ሳልጠይቃት መቅረቴ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል። በዚህች አገር የሊቃውንት ትምህርት ስንት ዘመን የቆመው በነገሥታት ርስትና ጉልት ብቻ አይደለም፤ ስማቸው ባልተጻፈ ሰዎች ኩርማን እንጀራም ነው። የኪዳነ ምሕረትን ኪዳን አምነው ለተራበ ተማሪ የቈረሱት እንጀራ ድጓ ሆነ፤ ቅዳሴ ሆነ፤ ትርጓሜ ሆነ፤ እኛም ዛሬ እንሰማዋለን።

እንግዲህ ወደ በዓላችን እንመለስ። በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተጻፈ በ50ኛው ዓመት መለከት ይነፋ ነበረ። መለከቱ ግን ለጨዋታ አይነፋም ነበር፤ ባሪያው አርነት እንዲወጣ፣ ርስቱን የሸጠውም ወደ ርስቱ እንዲመለስ ነው እንጂ። እኛም በዚህ ዓመት ከበሮ እንመታለን፤ ታቦታችንን በእልልታ እናወጣለን፤ ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን ከዝማሬው ጋር የዳዊትን እንጀራ፣ ከመለከቱም ጋር የኢዮቤልዩን ይቅርታ ብንጨምር በዓላችን የተፈጸመ ይሆናል። ስለዚህ እኔ ደካማው ወንድማችሁ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

መጀመሪያ፣ የነግህ ኪዳን ከካህናቱና ከጥቂት እናቶች በቀር ሰው ሳይገኝበት አይደረስ። ሁሉ በየቀኑ መምጣት ባይችል እንኳ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ቢመጣና ልጁን አስከትሎ ቢቆም፣ የኖኅ ልጆች የረሱትን የእኛ ልጆች አይረሱትም። ሁለተኛ፣ በየወሩ በ16 የምናደርገው የጽዋ ማኅበር እርስ በርሳችን የምንጋበዝበት ብቻ ሆኖ አይቅር፤ ከመሶባችን አስቀድሞ የነዳያንና በደብሩ ያሉት የአብነት ተማሪዎች ድርሻ ይነሣ። ሦስተኛ፣ በዚህ ኢዮቤልዩ ዓመት የተጣላ ይታረቅ፤ ለድኻ ያበደረም፣ ቢቻለው፣ ስለ ኪዳነ ምሕረት ብሎ ይተውለት። ይህን ያደረገ ሰው ለኪዳኑ መልሷል።

ይህን ቤት የተከሉት አባቶችና እናቶች ብዙዎቹ ዛሬ በዐጸዱ ሥር ዐርፈዋል። እነርሱ ድርሻቸውን መልሰው አለፉ። ሌላ 50 ዓመት ሲሞላ በዚህ ቦታ የሚቆሙት ልጆቻችን በዓሉን ተረክበው እንዲገኙ፣ እመቤታችን በተሰጣት ቃል ኪዳን ትጠብቀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።